መኪና ለመኪና፦ የቮልሴን ወንበር ለመስፋት የገዛኋት አሮጌ የቆዳ መኪና

አማርኛችን ሁለቱንም "መኪና" ብሎ ስለሚጠራቸው ከመጀመሬ በፊት እንስማማ። "ቮልሷ" ስል ባለ አራት ጎማዋን ነው። "መኪናዋ" ስል የምትሰፋዋን ነው። ይሄ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛዋ ነው። ግን የመጀመሪያዋ ባትኖር ኖሮ ያቺን የምታህል ብረት ቤቴ አላስገባም ነበር።

ቮልሷ የ1964 እ.ኤ.አ. ስሪት ናት። አባቴ ከሰው እጅ የገዛት እኔ ሳልወለድ ነው። አፍንጮ በር ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ትቆማለች። እሁድ እሁድ አራት ኪሎ ደርሳ ትመለሳለች። ሞተሯ ደህና ነው። ላሜራዋንም ዝገት አልበላውም። ወንበሯ ግን አልቆለት ነበር። እናቴ ከፊት ስትቀመጥ ጋቢዋን አራት አጥፋ ከሥሯ ታደርጋለች። አለበለዚያ የስፕሪንጉ ጫፍ ቀሚሷን ይዞ ያስቀረዋል።

መጀመሪያ እንደ ሰው ለባለሙያ ሰጠሁ። ስሙንም ሰፈሩንም አልጠራም። ሁለቱን የፊት ወንበሮች በሦስተኛው ቀን አምጥቶ ገጠመልኝ። ሲያዩት ያምር ነበር። በአራተኛው ወር የሹፌሩ ወንበር ስፌት ከዳር እስከ ዳር እንደ ቴምብር ተቀደደ። ገልጬ ሳየው የድሮውን ልብስ እንኳ አላወለቀውም፤ ከላይ ነው የደረበበት። ወስጄ ባሳየው "ሲስተር፣ አሮጌ መኪና እኮ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ።

አዎ፣ ነርስ ነኝ። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። እልህ ያዘኝ። የሰው ቆዳ ስሰፋ የኖርኩ ሰው የወንበር ቆዳ ያቅተኛል እንዴ አልኩ። ለካ ያቅታል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ በእናቴ የእግር መኪና ነበር። ባለ ቢራቢሮዋ፤ ምናልባት እናንተም ቤት አለች። እሷን አላማትም። የሦስት ልጆች ዩኒፎርም፣ የጎረቤት መጋረጃ፣ ለለቅሶ በአንድ ሌሊት የሚደርስ ጥቁር ቀሚስ ስትሰፋ የኖረች ናት። የተሠራችው ግን ለጨርቅ ነው። ሁለት ድርብ ሌዘር አስገባሁላት። (ሰው ሠራሹን ቆዳ ማለቴ ነው፤ ሁላችንም ሌዘር ነው የምንለው።) መርፌው አለፈ። ችግሩ ሌላ ነው። ከሥር ያለው ጥርስ የታችኛውን ቁራጭ ይስባል። የላይኛውን ደግሞ የሚጫነው እግር አጣብቆ ይይዘዋል። አንድ ሜትር ሰፍቼ ስጨርስ ላይኛውና ታችኛው በሁለት ጣት ተበላልጠዋል። ጨርቅ ቢሆን ፈትቶ መድገም ነው። ሌዘር ላይ ግን መርፌ አንዴ የበሳው ቀዳዳ አይደፈንም። በስህተት የሰፋችሁት ሁሉ እዚያው ተጽፎ ይቀራል።

ለዚህ ሥራ የምትሆነው መኪና ሌላ ናት። መርካቶ "የቆዳ መኪና" ይሏታል። እግሯ ሁለት ነው፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። መርፌው ሌዘሩን ከወጋ በኋላ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ከሥሩ ካለው ጥርስና ከውስጠኛው እግር ጋር አብሮ ወደ ኋላ ይራመዳል። ያን ጊዜ ውጭኛው እግር ተነስቶ ተራውን ይጠብቃል። ከዚያ እሱ ይረግጣል፣ ውስጠኛው ይነሳል። ሰባ ደረጃን የምትወጣ አሮጊት ትመስለኛለች፤ አንዱን እግር ሳታደላድል ሌላውን አታነሳም። አራት ድርብ ሌዘር ከነስፖንጁ ብትሰጧት ሁሉም እኩል ይሄዳል። ላይኛው ቀድሞ ታችኛው ቀርቶ የሚባል ነገር የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከዱቲ ወጥቼ፣ ዓይኔ እንደ ቀላ፣ መርካቶ ገባሁ። ሁለት ሱቅ አየሁ፤ አዲሶቹ ከአቅሜ በላይ ነበሩ። ሦስተኛው ሱቅ ጥግ ላይ ግራጫ ቀለም የተቀባች አሮጌ ቆማለች። የአምራቹ ስም ተፍቆ በላዩ ላይ ቀለም ስለተደረበበት ስም የላትም።

"ስንት ነው?"

"ከነጠረጴዛዋ ከነሞተሯ 65 ሺህ። ላንቺ ነው፣ እህቴ።"

"ለኔ ከሆነ 45።"

ልጁ ሳቀ። "ጫማ ቤት ልትከፍቺ ነው?"

"የቮልስ ወንበር ልሰፋ ነው።"

ይሄን ጊዜ ከኋላ ጋዜጣ ሲያነቡ የነበሩት አዛውንት ቀና አሉ። "ቮልስ? የስንት ሞዴል?" አሉኝ። ነገርኳቸው። እሳቸውም በወጣትነታቸው ነበረቻቸው። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ዋጋ መሆኑ ቀረ። ስለ ካርቡራተር አወራን። በ52 ሺህ ተስማማን፤ በቴሌብር ከፈልኩ። ልጁ ደስ አላለውም።

ከመክፈሌ በፊት ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ ገንዘቤን ያዳነልኝ እሱ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የራሴን ቁራጭ ሌዘርና ስፖንጅ ይዤ ነበር። ሻጭ የሚያሳያችሁ በራሱ ጨርቅ ነው፤ በጨርቅ የማትሰፋ መኪና የለችም። ሞተሩን ሳላበራ ጎኗ ላይ ያለውን መዘውር በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩት። መርፌው ሲወርድ፣ ጥርሱ ሲነሳ፣ ሁለቱ እግሮች ሲፈራረቁ ተጎንብሼ አየሁ። እግሮቹ የሚነሱበት ከፍታ እኩል ካልሆነ ወፍራም ነገር ላይ ትንገዳገዳለች። የመርፌውን ዘንግ በሁለት ጣቴ ይዤ ወዘወዝኩት፤ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው። ከሥር፣ ክሩን የሚይዘው የሚዞረው መንጠቆ ጫፍ ላይ ጥፍሬን አሻሸሁበት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው ክር ይበጥሳል። የኔዋ አንድ ትንሽ ጭረት ነበራት። አዛውንቱ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽተው አጠፉልኝ።

ጭነቱን አሳጥሬ ልለፈው። ሦስት ጎረምሶች፣ አንድ ፒክአፕ፣ የተሰበረ የእናቴ የአበባ ማሰሮ።

አሁን ወደ ትልቁ ጉድለቷ። ሶኬቱን ሰካሁ፣ ፔዳሉን በአውራ ጣቴ ጫፍ ነካ አደረግኩት። ሌዘሩ ከእጄ ተነጥቆ ጠረጴዛው ማዶ ወደቀ። ጮህኩ መሰለኝ፣ እናቴ "ምን ሆንሽ ልጄ?" እያለች መጣች። የሞተሩ ሰሌዳ ላይ በደቂቃ 2850 ዙር ይላል። የድሮው ዓይነት ሞተር ነው። ስታበሩት ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነቱ ይዞራል፤ ፔዳሉ የሚያደርገው ያንን ዙር ከመኪናዋ ጋር ማገናኘትና መነጠል ብቻ ነው። ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቀጥታ መስመር ለሚሰፋ ሰው ይሄ ጥሩ ነው። ለጀማሪ ግን መንጃ ፈቃድ ሳያወጡ ቁልቁለት ላይ ፍሬን መልቀቅ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ርካሹ ከሞተሩ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ ማሳነስ ነው። የኔዋ 90 ሚሊ ሜትር ነበር። ቶርኖ ቤት ወስጄ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ አስቀረጽኩ። ቺንጋውም አጠር ያለ ተገዛ። ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ፤ ጉልበቱ ደግሞ ጨመረ። ውዱ መፍትሔ ሰርቮ የሚባለው ሞተር ነው። ፍጥነቱን በቁልፍ ትወስናላችሁ፤ ፔዳሉን ካልረገጣችሁ ጭራሽ አይዞርም፣ ድምፅም የለውም። ከስድስት ወር በኋላ 11 ሺህ ብር አውጥቼ ገዛሁ። የጎረቤት ውሻ መጮህ ያቆመው ያን ጊዜ ነው። ብልህ ብሆን ከመጀመሪያው ቀን እገዛው ነበር፤ የዋጋውን ያህል ሌዘር አበላሽቻለሁና። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ሰርቮው በጣም ቀስ ሲል ጉልበት ያንሰዋል። አምስት ድርብ የሚገናኝበት ቦታ ስደርስ አሁንም መዘውሩን በእጄ ነው የማዞረው። መብራት ሲጠፋም እንደዚያው። ለማዕዘን እንዲያውም ከሞተር እጅ ይሻላል።

መርፌና ክር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ሙያዬ ረድቶኛል፣ አሳስቶኛልም። መርፌዋ 135×17 የሚባለው ዓይነት ነው። የልብስ መኪና መርፌ አይገጥምላትም። ውፍረቱ 18 ወይም 20 ቁጥር ይበቃል። ሱቅ ውስጥ "ለቆዳ" ብለው ጫፉ እንደ ጩቤ የተሳለ መርፌ ይሰጧችኋል። እሱ ለእውነተኛ ቆዳ ነው። ሌዘርን ይሰነጥቀዋል፤ ለሌዘር ክብ ጫፍ ያለውን ጠይቁ። ክር ላይ ደግሞ ሆስፒታል የለመድኩት ቁጥር ጉድ ሠራኝ። እኛ ዘንድ የስፌት ክር ቁጥሩ ዜሮ በበዛበት ቁጥር ይቀጥናል። አንዳንዱ የክር ድውር ላይ ያለው ቁጥርም እንደዚያው ነው፤ 40 ከ30 ይቀጥናል። ቴክስ በሚባለው መለኪያ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ቴክስ 90 ከቴክስ 70 ይወፍራል። ሁለቱን አምታትቼ አንድ ቀን ሙሉ ክር ሲበጠስብኝ ዋለ። ለ18 ቁጥር መርፌ ቴክስ 70፣ ለ20 ቁጥር ቴክስ 90። እዚህ ከደረሳችሁ የኔን ቀን ተርፋችኋል። ጥጥ ክር አትሞክሩ። ናይለን ጠንካራ ነው፤ የመስኮት ፀሐይ ለሚያገኘው ግን ፖሊስተር የተሻለ ዕድሜ አለው።

የስፌት ርዝመትም አለ። ያ ሰውዬ የሰፋልኝ ለምን እንደ ቴምብር እንደተቀደደ የገባኝ በመኪናዋ ላይ ሁለት ወር ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ስፌቱን ያጠጋጋው ለጥንካሬ ብሎ ይሆናል። ቁስል ላይም ጀማሪ ሐኪም የሚሠራው ይሄንኑ ነው፤ ያጠጋጋል፣ ያጠብቃል፣ ጠርዙ ገርጥቶ ደም ያጣል። ሌዘር ደም የለውም እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ቀዳዳ ሲጠጋጋ መሐሉ የሚቀረው ሥጋ ያንሳል። አሁን 4 ሚሊ ሜትር ላይ ነው የምሰፋው፤ እስካሁን አንድም አልተቀደደብኝም።

ትምህርቴ ከዩቲዩብ ነው። አሜሪካኖቹ ጥሩ ያስረዳሉ። ሁሉን በኢንች ይለካሉ፤ የሚጠቀሙበት ግማሹ ዕቃ ደግሞ መርካቶ የለም። ያላስተማሩኝን ያስተማረኝ አሮጌው ወንበር ራሱ ነው።

አንድ ቀን የሹፌሩን ወንበር በረንዳ ላይ አውጥቼ መፍታት ጀመርኩ። ከላይ የተበላሸው ጥቁር። ከሥሩ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ልጅ ሆኜ የማስታውሰው። ከሥሩ ደግሞ ቀይ ሌዘር። ከፋብሪካ የመጣው ልብስ እሱ ነበር። ሁለት ባለሙያ በየዘመኑ ሳያወልቀው ስለደረበበት ሳይነካ ተቀምጧል። የረገምኩት ስንፍና ውለታ ዋለልኝ።

ቁጥር 11 የቀዶ ጥገና ምላጭ ከፋርማሲ ገዛሁ፤ ክር ለማውጣት ከሱ የተሻለ የለም። ስፌቱን አንድ በአንድ ፈታሁ። እያንዳንዱን ቁራጭ ከማንሳቴ በፊት በጠመኔ ቁጥር ጻፍኩበት፣ ወደ ፊት የሚዞረውን በቀስት አሳየሁ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በሁለቱም ጠርዝ ትይዩ ምልክት አደረግኩ። ይሄ ምልክት ሁሉ ነገር ነው። ስትሰፉ አንዱ ምልክት ከሌላው ካልገጠመ እየተንሸራተታችሁ እንደሆነ ገና መሐል ላይ ሳላችሁ ታውቃላችሁ። ከዚያ ቁርጥራጩን ካርቶን ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን ሳልኩ። የድሮ ሌዘር ለስልሳ ዓመት ሰው ተቀምጦበት ተለጥጧል፤ ስለዚህ ግራና ቀኙን እያጠፍኩ አመሳከርኩ። ከአንድ ወንበር 11 ቁራጭ ካርቶን ወጣ። ለዚህ ብቻ ሦስት የእረፍት ቀን ሄደ። መኪናዋ ያን ጊዜ ሁሉ አቧራ እየጠጣች ቆማለች።

ውስጡ የፈረስ ጭራና የኮኮናት ቃጫ ነው። ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። ማስክ አድርጉ፤ ሳል የሚለቃችሁ በሳምንቱ ነው። ስፕሪንጉን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ ፀረ ዝገት ቀለም ቀባሁት። በላዩ ላይ የቡና ጆንያ ወጥሬ በሽቦ አሰርኩ። ስፕሪንጉ ስፖንጁን እንዳይበላው ከፋብሪካም የሚደረገው ጆንያ ነው፤ የኛ አገር ጆንያ የሚበልጠው ሽታው ብቻ ነው። ፀሐይ ሲመታት ቮልሷ እስካሁን የቡና መጋዘን ትሸታለች።

እዚህ ላይ ስለ ስፌት ያልሆነ ነገር ልናገር፤ ቮልስ ያለው ሰው ይሄን ብቻ አንብቦ ቢሄድም አይከፋኝም። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ስፕሪንጉ ሲደክምና ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ብረቱ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ይነካል። ብልጭ ይላል። በላዩ ያለው ደረቅ የፈረስ ጭራ ነው። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ። የኋላ ወንበር ስታወጡ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። ስትመልሱ ጫፎቹን በማይበሳ መክደኛ ወይም በወፍራም ጎማ ሸፍኑ። እኔ ይሄን የሰማሁት ስፖንጅ ከሸጠልኝ ሰው ነው፤ ያኔ ባትሪው ራቁቱን ነበር።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። ቀዩ ልብስ መሐሉ ላይ ቁልቁል የሚወርዱ ቦዮች አሉት። ሌዘሩ ከሥሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ይደረግበትና በየ5 ሳንቲ ሜትሩ መስመር ይሰፋበታል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ መጀመሪያ በካርቶኑ ልክ ቆረጥኩ። ከዚያ ሰፋሁ። መኪናዋ ፈረስ ናት፣ ሳልቆም ዘጠኝ መስመር ጨረስኩ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር። ከካርቶኑ ጋር ሳገጥመው ሦስት ሳንቲ ሜትር ጎደለ። እያንዳንዱ መስመር ሌዘሩን ወደ ስፖንጁ ስለሚስበው ስፋት ይበላል። መጀመሪያ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ፣ ቦዩን ሰፍቶ፣ ከዚያ ነው በካርቶኑ ልክ መቁረጥ። የጎደለው ሌዘር አሁን የእናቴ የወጥ ቤት በርጩማ ላይ ነው።

የወንበሩ ዙሪያ ላይ በውስጡ ገመድ ያለው ወፈር ያለ ጠርዝ አለ። ለሱ ከሥሩ ቦይ ያለው ሌላ እግር ለብቻው ይገዛል። ገመዱ ቦዩ ውስጥ ይሄዳል፣ መርፌው አጠገቡ ይወርዳል። መኪናዋን የወደድኳት እዚህ ላይ ነው። ጠርዝ፣ ጎን፣ ፊት፣ ስፖንጅ፤ አራት አምስት ድርብ አንድ ላይ ሲያልፍ "ጥፍ ጥፍ ጥፍ" ከማለት ውጪ ምንም አታማርርም። በማዕዘን ላይ ግን ገመዱን የሸፈነው ሌዘር ይሸበሸባል። ጠርዙን በመቀስ በየሳንቲ ሜትሩ መተልተል ነው፣ ስፌቱ ሳይደርስ። ይሄ በቃል አይገባም፤ አምስት ማዕዘን ካበላሻችሁ በኋላ እጃችሁ ራሱ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ከዚያ ወፍራም ማዕዘን ላይ "ቀጭ" አለችና ቆመች። መዘውሩ ይዞራል፣ መርፌው ይወርዳል፣ ከሥር ያለው መንጠቆ ግን አይነቃነቅም። ልቤ ወረደ። 52 ሺህ ብሬ ፊቴ ላይ ሞተ። ለአዛውንቱ ደወልኩ።

"ሲስተር፣ አልሞተችም፤ ራሷን ስታ ነው" አሉኝ። "ከጠረጴዛው ላይ፣ ከአንገቷ ሥር ትንሽ የምትጫን ነገር አለች። እሷን ተጭነሽ መዘውሩን ቀስ ብለሽ አዙሪው።"

ተጫንኩ። አዞርኩ። "ቀጭ።" ተመለሰች። ለካ ክር ሲወሳሰብ ውስጧ እንዳይሰበር መንጠቆው ራሱን የሚነጥልበት መከላከያ አላት። ይሄ ነገር ያላት መኪና ካገኛችሁ ጥቂት ሺህ ብር ጨምራችሁም ቢሆን ውሰዱ።

ጉድለቷን ልጨርስ። ወደ ኋላ አትሰፋም። የስፌቱን መጨረሻ ለመቋጨት ወይ ሥራውን ማዞር ወይ ክሮቹን በእጅ ማሰር ያስፈልጋል፤ እኔ አስራለሁ፣ ያው የሙያ ልማድ ነው። ዘይት ትወዳለች፤ የወደደችውን ታንጠባጥባለች። ዘይት ያጠጣኋት ቀን ግማሽ ሰዓት በቁራጭ ላይ ሳላስሮጣት እውነተኛውን ሥራ አላስነካትም። ሁለት ሰው አያነሳትም። መኝታ ቤት አትገባም። መለዋወጫዋ ግን መርካቶ ሞልቷል፤ መርፌ፣ የታች ክር ማጠንጠኛ፣ እግር፣ ሁሉንም በአንድ ጠዋት አግኝቻለሁ።

ልብሱን ወንበሩ ላይ ማስገባት ራሱን የቻለ ትግል ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ሌዘሩን ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል። በስፖንጁ ላይ ስስ ፌስታል አልብሱ፤ ልብሱ ተንሸራትቶ ይገባል። ያለ ፌስታል ስሞክር ሁለት ጥፍሬ ተነቅሏል። የቀረውን ከውጭ ለመዝጋት ደግሞ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ መርፌ አለ። የወንበር ሰፊዎቹ መርፌ ነው፤ ቅርጹ ግን እኛ ቁስል የምንሰፋበት ነው። እሱን ስይዝ ብቻ ነበር ከጀመርኩ ወዲህ የእጄ መንቀጥቀጥ ያቆመው።

ልግዛ ወይ ለሚለኝ፦ ለሁለት ወንበር ብቻ ከሆነ አትግዙ። ከነሰርቮው፣ ከነፑሌጃው፣ ካበላሸሁት ሌዘር ጋር ከ80 ሺህ ብር በላይ ሄዷል። በዚህ ገንዘብ ጥሩ ባለሙያ፣ ከጎኑ ቆማችሁ "አሮጌውን አውልቀው" እያላችሁት፣ አሳምሮ ይሠራላችኋል። አሮጌ ባለ አራት ጎማ መኪና ካላችሁና ልትሸጡት ካላሰባችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል፤ ያለንን ይዘን የምንቆይ ሰዎች ነን። ወንበር፣ ከዚያ የበር ልብስ፣ ከዚያ ጣሪያ ይመጣል። እየመጣ ነው፤ የጎረቤቴ ፔጆ 404 ከግቢው በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

ባለፈው ሳምንት መርካቶ ያለው ልጅ ደወለልኝ። "ሲስተር፣ ያቺ መኪና አለች? ፈላጊ መጥቷል። 75 እከፍላለሁ።" ትንሽ አሰብኩ፣ እውነቴን ነው። ከዚያ መርፌዋ ሥር ያለውን አየሁ። የኋላ ወንበሩ ጀርባ፣ ስድስተኛው ቦይ ላይ፣ መርፌው እንደወጋው ቆሟል።

"ገና አልጨረሰችም" አልኩት።